ፊዚዮቴራፒስት በሌለበት፦ ከስትሮክ በኋላ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ

ከሐኪም ቤት ስትወጡ የምትሰጣችሁ ወረቀት አጭር ናት። የመድኃኒት ዝርዝር፣ የቀጠሮ ቀን፣ ከታች ደግሞ "ፊዚዮቴራፒ ያድርግ" የምትል አንዲት መስመር። ፊዚዮቴራፒስቱ፣ ማለትም በእንቅስቃሴና በልምምድ የሚያክመው ባለሙያ፣ ያለው ግን የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ነው። ታማሚው ቀጥ ብሎ መቀመጥ እንኳ አልቻለም፤ መኪና ተኮናትሮ በሳምንት ሦስቴ መመላለስ ደግሞ የማይታሰብ ነው። አባቴን ስትሮክ የመታቸው ጊዜ እኛም ይህቺን መስመር ይዘን ነው ቤት የገባነው። ምን ማለት እንደሆነች እስኪገባን ወራት ፈጀብን፤ መሀል ላይም ጥፋት አጥፍተናል። ጥፋቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ባለሙያን አይተካም። ሕንድ ውስጥ ከ1,200 በላይ ታማሚዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት አለ። ቤተሰቦችን አሠልጥነው ማገገሚያውን ቤት እንዲያሠሩ አደረጉ፤ ከ6 ወር በኋላ ሲታይ ከተለመደው ክትትል የተሻለ ውጤት አልመጣም። ይህን ሰምታችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጡ አልልም። ግን አንድ ጊዜም ቢሆን ፊዚዮቴራፒስት ጋ መድረስ ከቻላችሁ ያቺን ቀን አታባክኗት። ዝም ብላችሁ አትመልከቱ፤ "እኔ ልሥራውና እርስዎ ይዩኝ" በሉ፤ የሚያሳያችሁን በስልክ ቅረጹ። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ ታማሚው ሲነሳ፣ ሲራመድ፣ ኩባያ ሲያነሳ ቀርጻችሁ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ስትደርሱ ላኩለት። ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ይነግረዋል።

ስትሮክ ማለት ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ቧንቧ ሲደፈን፣ አለዚያም ፈንድቶ ደም ሲፈስ ነው። የአንጎሉ ግራ ክፍል ከተጎዳ ቀኝ እጅና እግር ይደክማል፣ ቀኙ ከተጎዳ ደግሞ ግራው። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚስተው ነገር አለ። እጁ ራሱ ደህና ነው። ጡንቻው አልተቆረጠም፣ አጥንቱ አልተሰበረም። የተጎዳው ያ እጅ ትእዛዝ የሚቀበልበት ቦታ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ እጁን ብታሹለት፣ ብታጣጥፉና ብትዘረጉለት መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ይረዳል እንጂ አንጎሉ ብዙም አይማርም። አንጎል የሚማረው ባለቤቱ ራሱ ሲሞክር ነው፤ ሲሳሳት፣ እንደገና ሲሞክር፣ መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። አንድ ቀን ጠዋት አባቴ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ለመቆለፍ ይታገላሉ። እህቴ አላስችል ብሏት ተንደርድራ ሄደች። "ተይኝ!" አሏት። ንግግራቸው ገና ስላልተስተካከለ "ተ... ተይ" ነበር የሚመስለው። አጠገባቸው ቁጭ ብላ እጇን ጭኗ ሥር ቀበረችው፣ እንዳትነካ። አንዷ ቁልፍ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀች። የቀሩትን እሷ ቆለፈችላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ደንብ ሆነ፤ አንዷ ቁልፍ የሳቸው ናት። በሳምንቱ ሁለት ሆነች።

ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው፤ እስከ 6 ወር ድረስም ጥሩ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። "ዓመት ሞልቶታል፣ በቃ" የሚላችሁን አትስሙ። በሌላ በኩል በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ታማሚውን ካልቆምክ ካልተራመድክ ብሎ ማጣደፍም ጥሩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ትልቅ ጥናት እንደዚያ በብዛት የተደረገላቸው ሰዎች ውጤታቸው የባሰ መሆኑን አሳይቷል። እናንተ ቤት ስትደርሱ ያ ጊዜ አልፏል፤ አሁን ጥያቄው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መሥራት ነው። በቀን አንዴ አንድ ሰዓት ሙሉ ከማድከም በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ ይሻላል። ስትሮክ የሚያመጣው ድካም እናንተ የምታውቁት ዓይነት ድካም አይደለም፤ ሰውየው ፊቱን ታጥቦ ብቻ ሊዝል ይችላል። ስንፍና አትበሉት።

ትከሻው፣ ትከሻው፣ ትከሻው

ያልኳችሁ ጥፋት ይኼ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አባቴን ከአልጋ ለማንሳት እኔና ወንድሜ ግራና ቀኝ ብብታቸው ውስጥ ገብተን እናነሳቸው ነበር። ቀላል ነው፣ ፈጣንም ነው። በሦስተኛው ሳምንት የደከመው ትከሻቸው ሲነካ ይጮኹ ጀመር። ሌሊት መተኛት አቃታቸው። እጃቸውን ማሠራት ካለብን ወራት ውስጥ ሁለቱ በዚህ ሕመም ምክንያት ባከኑ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የትከሻ መገጣጠሚያ እንደ ዳሌ ጥልቅ ጉድጓድ የለውም፤ አጥንቱን በቦታው አጥብቀው የያዙት ዙሪያውን ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። ከስትሮክ በኋላ እነዚህ ጡንቻዎች ይላላሉ። ያኔ የእጁ ክብደት ብቻውን አጥንቱን ወደ ታች ይጎትተዋል። የትከሻውን ጫፍ በጣታችሁ ብትዳስሱ ክፍተት ሊሰማችሁ ይችላል። እንዲህ የላላ ትከሻን በብብት ማንሳት፣ ወይም እጁን ይዞ መሳብ ማለት የቀረችውን መያዣ መበጣጠስ ነው።

ስለዚህ በእጁ አትሳቡት። ማንም አይሳበው፤ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድም ቢሆን ታማሚው "ልነሳ" ሲል እጁን ይዞ እንዳይጎትት ንገሩት። ስታነሱት ወገቡን ያዙ። ሰፊ ጨርቅ ወይም ቀበቶ ወገቡ ላይ አስራችሁ እሱን መያዝ ከሁሉም ይሻላል። ሲቀመጥ የደከመው እጅ ተንጠልጥሎ አይቅር፤ ጭኑ ላይ ትራስ አድርጋችሁ ክርኑና መዳፉ ይረፉበት። እጁን ወደ ላይ ስታነሱለት ከትከሻው ከፍታ አታሳልፉ፣ ባለሙያ ካላሳያችሁ በስተቀር። ጣሪያ ላይ ገመድ አንጠልጥሎ በጤነኛው እጅ የደከመውን ወደ ላይ መሳብ የሚባል ነገር ደግሞ አለ። ብልሃት ይመስላል። ትከሻን የሚጎዳ ነገር ነውና ይቅርባችሁ። አንገት ላይ የሚንጠለጠል የእጅ ማቀፊያ ካላችሁ ሲቆምና ሲራመድ ብቻ አድርጉለት፤ ቀኑን ሙሉ ከታሰረ እጁ ታጥፎ ይደርቃል።

አልጋ ላይ

መገላበጥ ለማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ አቅጣጫ ቀይሩለት፣ ሌሊትም ጭምር። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ያላችሁ ተራ ግቡ፤ አንድ ሰው ብቻውን ይህን ከሳምንት በላይ አይችለውም። በጤነኛው ጎኑ ሲተኛ የደከመውን እጅና እግር ፊት ለፊቱ ትራስ ላይ አሳርፉት። በደከመው ጎኑም መተኛት ይችላል፣ አትፍሩ፤ ብቻ ትከሻው ከሥሩ እንዳይጨፈለቅ ከኋላ ባለው ሰፊ አጥንት በኩል ቀስ አድርጋችሁ ወደ ፊት አውጡት።

ልብሱን ስትቀይሩ ቆዳውን እዩ። ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ከወገብ በታች መሀል ላይ ያለው አጥንት፣ የጆሮ ጠርዝ። ቀልቶ፣ ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ጠቁሮና ሞቆ፣ ተጭናችሁ ስትለቁት ቀለሙ የማይለወጥ ቦታ ካገኛችሁ የአልጋ ቁስል መጀመሪያ ነው። በዚያ ቦታ አታስተኙት፤ አትሹትም። ተረከዙን ለማዳን ደግሞ ከባቱ ሥር ትራስ አድርጋችሁ ተረከዙ በአየር ላይ እንዲቀር ማድረግ ብቻ ይበቃል።

መገጣጠሚያዎቹን በቀን ሁለት ሦስቴ ቀስ እያላችሁ አንቀሳቅሱለት፤ ክርን፣ የእጅ አንጓ፣ ጣቶች፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት። ካመመው ቁሙ። ሲንቀሳቀስለትም "አብረህ ሞክር" በሉት። ባይንቀሳቀስም ይሞክር።

ከማጉረሳችሁ በፊት

ይህኛው ሰው ይገድላል፣ ስለዚህ በጥሞና አንብቡት። ስትሮክ የመዋጥን ነገር ያበላሻል። ምግብ ወይም ውሃ ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ያመጣል። ተኝቶ ወይም ጋደም ብሎ አይብላ፣ አይጠጣ። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ በልቶ ሲጨርስም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንደተቀመጠ ይቆይ። በትንሽ ማንኪያ፣ አንዱን ውጦ ሳይጨርስ ሌላ አይጨመር። በደከመው በኩል ጉንጩ ውስጥ ምግብ ተደብቆ ይቀራል፣ እሱም አይሰማውም፤ በመጨረሻ አፉን ከፍቶ ይታይ።

ሲበላ የሚያስል፣ ትን የሚለው፣ ከዋጠ በኋላ ድምፁ ውሃ የሞላው የሚመስል፣ ለሃጩን መቆጣጠር የማይችል ከሆነ መዋጡ ደህና አይደለም። ብዙዎች የማይጠብቁት ነገር ቀጭን ውሃ እንደ እርጎ ወፈር ካለ ነገር የበለጠ ማስቸገሩ ነው። "ውሃ ነው፣ ምን ይሆናል" ብላችሁ አትስጡ፤ ሐኪም ጋ ደውሉ። ድምፅ ሳያሰሙ ወደ ሳንባ የሚያስገቡም አሉ፤ ያለ ምክንያት ትኩሳት ከመጣ ይህን ጠርጥሩ። ጥርሱንና ምላሱን በቀን ሁለቴ ማጽዳት ለውበት አይምሰላችሁ፤ የሳንባ ምችን ይቀንሳል።

መነሳት

ከዚህ ሁሉ አንድ ልምምድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ከወንበር መነሳትና መቀመጥን እመርጣለሁ። እግርን ያጠነክራል፣ ሚዛን ያስተምራል፣ መሣሪያ አይፈልግም። ይህን የቻለ ሰው መጸዳጃ ቤት መሄድ ይጀምራል፤ መጸዳጃ ቤት መሄድ የቻለ ሰው ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናል።

ወንበሩ ጠንካራ ይሁን፣ ጀርባውን ግድግዳ አስደግፉት። ዝቅ ካለ በርጩማ አትጀምሩ። የታጠፈ ብርድ ልብስ ደራርባችሁ መቀመጫውን ከፍ አድርጉት፤ ሲበረታ አንድ በአንድ ታወጣላችሁ። ወደ ጠርዙ ይጠጋ። ሁለቱም እግሮች መሬቱን ሙሉ በሙሉ ይርገጡ፤ ተረከዙ ከጉልበቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይግባ። ታማሚው ሳያውቀው ጤነኛውን እግር ወደ ኋላ ስቦ የደከመውን ወደ ፊት ይዘረጋዋል። እንዲህ ከሆነ የሚሠራው ጤነኛው ብቻ ነው። አስተካክሉት፤ ቆየት ሲል እንዲያውም የደከመውን ትንሽ ወደ ኋላ አድርጉት፣ ክብደቱ እሱ ላይ እንዲያርፍ።

አሁን ወደ ፊት ይጎንበስ። አፍንጫው ከእግሩ ጣቶች እስኪያልፍ። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ለመነሳት ይሞክርና ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ቤተሰብ ደግሞ "አልቻለም" ብሎ ያነሳዋል። ስለፈራ ነው የማይጎነበሰው። ፊት ለፊቱ፣ ወደ ደከመው ጎን ጠጋ ብላችሁ ቁሙ፤ በጉልበታችሁ የደከመውን ጉልበቱን ደገፍ አድርጉት እንዳይከዳው። ወገቡ ላይ ያለውን ቀበቶ ያዙ። እናንተም ወገባችሁን ሳይሆን ጉልበታችሁን እጠፉ። አስታማሚው ወገቡን ከታመመ ቤቱ ውስጥ ሁለት ታማሚ ሆነ ማለት ነው።

ሲቀመጥም ዘጭ አይበል። ቀስ ብሎ መውረዱ ራሱ የልምምዱ ግማሽ ነው። ጠዋት አምስት፣ ከምሳ በፊት አምስት፣ ማታ አምስት ብላችሁ ጀምሩና በየሳምንቱ ጨምሩ። ከተኛበት ሲነሳ መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ይቆይ፤ ራሱን ካዞረው ይቀመጥ።

መራመድ

ሳይደገፍ ጥቂት መቆም ካልቻለ ገና ነው፤ ቆሞ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወር ይለማመድ። መራመድ ሲጀምር ረዳቱ በደከመው በኩል ይሁን። ከዘራው ደግሞ በጤነኛው እጅ ነው። ብዙ ሰው በተቃራኒው ያስይዛል። ቁመቱ ታማሚው ቆሞ እጁን ሲያንጠለጥል የእጅ አንጓው ጋ ይድረስ፤ ረዘም ካለ ቁረጡት፣ ጫፉ ላይ ከአሮጌ ጎማ ቆርጣችሁ ሶል ምቱበት። መጀመሪያ ከዘራው፣ ቀጥሎ የደከመው እግር፣ ከዚያ ጤነኛው። ደረጃ ወይም የበር ደፍ ላይ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርድ የደከመው።

ነጠላ ጫማ አውጥታችሁ ጣሉት። ተረከዙን ከኋላ የሚይዝ፣ የሚታሰር ጫማ ይፈልጋል። ጭቃ በሆነ ቀን ውጭ አይለማመድ። ቤት ውስጥ የሚያደናቅፍ ምንጣፍ፣ ጀሪካን፣ የተጠማዘዘ ገመድ መንገዱ ላይ አይኑር። ማታ ደግሞ መብራት ይኑር፤ የሚወድቁት ብዙ ጊዜ ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ነው።

መጸዳጃው ከቤት ውጭ ከሆነ እስከዚያ ድረስ እንጨት ተክላችሁ አግዳሚ አጋድሙለት። እኛ ይህን ሠራንና ኮራን። አባቴ ይዘውት ሄዱ፣ መመለሻ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። ለካ ሲሄዱ በጤነኛው እጃቸው በኩል የነበረው አግዳሚ ሲመለሱ በደከመው በኩል ሆኗል! በሁለቱም ወገን መሠራት አለበት። ያ እስኪሆን ድረስ መሀሉን በስታችሁ ከሥሩ ባልዲ ያስቀመጣችሁበት ወንበር ለሌሊት ይበቃል። በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ ሽንት እንዲሸና አስታውሱት፤ ልብሱን የሚያረጥበው ብዙውን ጊዜ መንገር ወይም መድረስ ስላቃተው ነው።

እጅ

እጅ ከእግር ይዘገያል። ይህን ቀድማችሁ ካላወቃችሁ ተስፋ ትቆርጣላችሁ።

ሰው ሁሉ ኳስ ሰጥቶ "ጨምቅ" ይለዋል። ግን የብዙ ታማሚ ችግር መጨበጥ አይደለም፤ እጁ ራሱ ተጨብጦ የቀረ ነው፤ የከበደው መክፈቱ ነው። ስለዚህ መልቀቅን አለማምዱት። ቆርኪዎች ሰብስቡ። ጠረጴዛ ላይ በትኑለት፣ አንዱን ወደ ራሱ ይሳብ፣ ቀጥሎ ይግፋ፣ ሲችል ያንሳና ኩባያ ውስጥ ይጣል። ሃያ ቆርኪ አምስት ጊዜ ከሞላ መቶ ጊዜ ሞከረ ማለት ነው፤ መቁጠሩም ያበረታታዋል። እጁን ጭራሽ ማንሳት ለማይችል ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አንጥፉ፣ የደከመው መዳፍ ፎጣው ላይ ይረፍ፣ ጤነኛው ከላይ ሆኖ እየረዳው እንደሚወለውል ሰው ወደ ፊትና ወደ ጎን ይግፋ። ክብደቱን ጠረጴዛው ስለሚሸከምለት ያለችው ትንሽ ጉልበት ትታያለች።

መስታወትም ይረዳል። መጀመሪያ እጃቸው ለተቆረጠ ሰዎች የታሰበ ዘዴ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ስትሮክ በመታቸው ሰዎች ላይ ሙከራው ታትሞ ወጣ። መስታወቱን ታማሚው ፊት መሀል ላይ በጎኑ አቁሙት። የደከመው እጅ ከመስታወቱ ጀርባ ይደበቅ፤ ጤነኛው ፊት ለፊቱ ይሁን። ጤነኛውን እያንቀሳቀሰ መስታወቱን ይመልከት። የሚያየው የደከመው እጁ የሚንቀሳቀስ ይመስላል፤ ከጀርባም አብሮ ለማንቀሳቀስ ይሞክር። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ከፋፍላችሁም ቢሆን። አባቴ መጀመሪያ ቀን ሳቁ። "አስማት ነው" አሉ። ቀለበትና ሰዓት ካለ ይውለቅ፣ ሁለቱ እጆች እንዲመሳሰሉ።

ሌላው ነገር የኤድዋርድ ታውብ ነው። ይህ አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት የአንድ እጃቸው ስሜት የጠፋባቸው ጦጣዎች ያንን እጅ እርግፍ አድርገው ሲተዉት አየ፤ ደህነኛው ሲታሰርባቸው ግን ተጠቀሙበት። እጁ አልችል ብሎ ብቻ ሳይሆን አለመጠቀምን ተምረው ነበር ማለት ነው። ሰውም እንደዚያው ነው። የእጅ አንጓውንና ጣቶቹን ትንሽ ቀና ማድረግ ለቻለ ሰው ጤነኛው እጁ ላይ ወፍራም ካልሲ አድርጉለትና ለተወሰነ ሰዓት በደከመው ብቻ ይሥራ፤ ልብስ ይጠፍ፣ ማንኪያ ይደርድር። ተቀምጦ ብቻ ነው ታዲያ፤ እየተራመደ ጤነኛውን እጅ መሸፈን መውደቅን መጋበዝ ነው። እጁ ጭራሽ ለማይንቀሳቀስም አይሆንም፣ ያናድደዋል እንጂ።

ሙቀትና ሕመም በደከመው በኩል ላይሰማው ይችላል። የመታጠቢያውን ውሃ በጤነኛው እጅ ወይም በእናንተ እጅ ለኩ።

ቋንቋ የጠፋበት፣ ግራ የጠፋበት

የአንጎል ግራ ክፍል ሲጎዳ ንግግር ሊበላሽ ይችላል። ቃሉ ይጠፋበታል፣ ወይ የምትሉት አይገባውም፣ ወይ ሁለቱም። ሰውየው ግን አላበደም፤ ደንቆሮም አልሆነም። አትጩኹበት። አጭር አጭር ተናገሩ፣ አዎ ወይም አይ የሚባልበት ጥያቄ ጠይቁ፣ ከዚያ ዝም በሉ። አሥር ቆጥራችሁ ጠብቁ። ቃሉን ከአፉ አትንጠቁት። ማውራት አቅቶት ዘፈን ወይም መዝሙር በቃሉ የሚዘልቅ ሰው አለ፤ ዜማ ስጡትና ሞክሩ፣ የዕለት ቃላትንም በዜማ አስገቡ።

ቀኙ የአንጎል ክፍል የተጎዳበት ሰው ደግሞ ግራውን ሊረሳ ይችላል። ዓይኑ እያየ ነው፤ አንጎሉ ነው ግራ የሚባል ነገር መኖሩን የተወው። የሳህኑን ግማሽ በልቶ "ጨረስኩ" ይላል። የግራ እጁን ሲያይ "የማነው?" የሚልም አለ። አትቆጡ። በግራ በኩል ቆማችሁ አናግሩት፣ ግራ ክንዱን እየዳበሳችሁ ፊቱን እንዲያዞር አድርጉ፣ የሚወደውን ነገር በዚያ በኩል አስቀምጡ። ብቻውን መንገድ እንዳይሻገር።

ደግሞም ሐዘን አለ። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ በድባቴ ይያዛል። መብላት ትቶ፣ ልምምዱን "ለምኔ" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ካዞረ ይህንን ለጤና ባለሙያ ንገሩ፤ መድኃኒት አለው። ያለ ምክንያት ድንገት የሚያለቅስ ወይም የሚስቅ ከሆነ ግን እሱ ራሱ የጉዳቱ አካል ሊሆን ይችላል፤ ሰው ፊት ሲሆን ያፍራል፣ እናንተ ወሬውን ቀጥሉ።

መድኃኒቱና ሁለተኛው ስትሮክ

ይህ ሁሉ ልፋት በአንድ ሌሊት ገደል ሊገባ ይችላል፣ ሁለተኛ ከመታው። ትልቁ ጠላት የደም ግፊት ነው። ብዙ መመሪያዎች ከ130 በ80 በታች ይሁን ይላሉ፤ ለእናንተ ታማሚ የሚሆነውን ቁጥር ሐኪሙን ጠይቃችሁ ግድግዳ ላይ ጻፉት። ሰፈር ውስጥ ግፊት የሚለካ ሰው ካለ በሳምንት አንዴ አስለኩና ቀኑን እየጻፋችሁ መዝግቡ። መድኃኒቱን "ዛሬ ደህና ነው" ብሎ ማቋረጥ የተለመደው ስህተት ነው። ደህና የሆነው መድኃኒቱን ስለወሰደ ነዋ! ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ግዙ፣ መንገድ ይዘጋል። ጨው ቀንሱ፤ የሚያጨስ ከሆነ ያቁም። አስፕሪን በራሳችሁ አትጀምሩለት፤ ስትሮኩ ደም በመፍሰስ የመጣ ከሆነ ሊያባብሰው ይችላል።

አንድ ባት ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመው እግሩ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል አታሹት፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ ትንፋሽ ድንገት ካጠረው ወይም ደረቱን ከወጋው ደግሞ በዚያው ደቂቃ።

ፊቱ በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ ሁለቱን እጆች ወደ ፊት ዘርግቶ አንዱ ከወረደ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ ወይም ከበፊቱ ድንገት ከባሰበት ሌላ ስትሮክ ነው ብላችሁ ተነሱ። ተኝቶ ይለፍለት አትበሉ፣ ምንም አታጉርሱት። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ከጀመረበት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው፤ ያውም ሲቲ ስካን የሚባለውን የአንጎል ምስል የሚያነሳ ሐኪም ቤት ከተገኘ። ስለዚህ መንገዱን ከአሁኑ አስቡበት። የትኛው ሐኪም ቤት ሲቲ ስካን እንዳለው ዛሬ ጠይቁ። መኪና ያለውን ሰው ስልክ፣ እሱ ባይኖር የሚተካውንም፣ በትልቁ ጽፋችሁ በሩ ጀርባ ለጥፉ፤ ሌሊት ማን እንደሚደውልና ማን አብሮ እንደሚሄድ ተነጋገሩ። የጀመረበትን ሰዓት ጻፉ። ተኝቶ የተነሳ ከሆነ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ንገሯቸው፤ የሚወስደውን መድኃኒት ደግሞ ከነእሽጉ በላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ።